ግራውን እንደ ቀኙ

ወንድሜ ይበልጣል የሞተ ዕለት የሹራቡ ጀርባና ቀኝ ፊት አልቀው ነበር። ግራው ገና አልተጀመረም።

ለቀስተኛው ሲበተን መጀመሪያ ዐይኔ ያረፈው ሹራቡ ላይ ነው። ከአልጋው ራስጌ፣ በፌስታል ውስጥ፣ ሁለቱ መርፌዎች ጥቅሉ ክር ላይ እንደተሰኩ። እናቴ አይታ ፊቷን አዞረች። እኔ አነሣሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆንልህ አለኝ። ስበላም እነሣለሁ። ሰው ሲያጽናናኝም እነሣለሁ።

ስለ ይበልጣል ለመናገር ስለ ሹራቡ መናገር አለብኝ። ስለ ሹራቡ ለመናገር ደግሞ ስለ የኔታ።

የኔታ አምበር አካባቢ ባለ አንድ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ታላቄ ይበልጣል ከልጅነቱ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ጎጆ ቀልሶ ተምሯል። ድምፁን የሰሙ ሁሉ መምህር ይሆናል ይሉ ነበር። እንቅርት አንገቱ ላይ ወጣበት። እያደገ ሄዶ ትንፋሽ ሲከለክለው ለሕክምና ወደ ቤታችን፣ ወደ ደብረ ማርቆስ መጣ። ሐኪሞቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፁ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውት ነበር፤ መተንፈስ ይሻላል ብሎ ተስማማ። ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ ሲናገር የሚወጣው ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ሹክሹክታ ነበር።

ወደ የኔታ አልተመለሰም። ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ ሲወጣ ጉልበት ስሞ፣ ይፍቱኝ ብሎ፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው። ይበልጣል እንደወጣ ቀረ። ከአምበር የመጣ ሰው የኔታ ጠይቀውሃል ሲለው ወሬ ይለውጥ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ክር እየጠቀለልን ሳለ፣ «አፍ የሌለው የዜማ ተማሪ ምን ብሎ ይመለሳል?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ክሩን መጠቅለሉን ቀጠለ።

የቆሎ ተማሪ ሁሉ ለዕለት ጉርሱ የሚሆን የእጅ ሥራ አያጣም። አንዱ ልብስ ይሰፋል፣ አንዱ ጃንጥላ ይጠግናል። ይበልጣል የሱፍ ቆብ ይሠራ ነበር። ድምፁ ሲሄድ እጁ ቀረለት። ከገበያው በላይ ባለው መንገድ፣ የልብስ ሰፊው የጋሽ ደሴ በረንዳ ላይ አንድ ዱካ አስቀምጦ ቆብና የሕፃናት ሹራብ መሥራት ጀመረ። ዱካው ላይ ግን ብዙ አልተቀመጠም። ቆሞ ይሠራል፣ እየሄደ ይሠራል። ክሩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ባጃጁን እየሸሸ፣ ከበረንዳው እስከ ቤታችን መርፌዎቹን ሲያጋጭ ይደርሳል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚያየው ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስለዋል። ቀለበቶቹን ነበር የሚቆጥረው፤ ሹራብ ማለት መርፌው ላይ የሚደረደር የክር ቀለበት ነውና። የሚቆጥረው ግን እንደ ሰው አንድ፣ ሁለት ብሎ አይደለም። በዜማ ነው፣ ያለ ድምፅ።

ጋሽ ደሴ አፉ አያርፍም። በረንዳው ላይ ሰው ሲሰበሰብ ይጀምረዋል። አንድ ጊዜ፣ ሚስት ስታገባ እሷ በሬ ጠምዳ ታርሳለች አንተ ሹራብ ትሠራለህ አለው። ሰዉ ሳቀ። ይበልጣል መርፌውን ሳያቆም፣ «ታርስ። ብርድ ሲመታት የት እንደምትመጣ አውቃለሁ» አለ። ሹክሹክታ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሰማው። ድምፁ ከጠፋ በኋላ ሰው እሱን ለመስማት ይጠጋ ነበር።

ሲሳሳት አይናደድም። ይህን ነው የማልረሳለት። ሁለት ቀን የሠራውን ይተረትረዋል። «ከላይ እንያዘው» ይላል። የዜማ መምህር ለተሳሳተ ተማሪ የሚለው ነው። ክሩን ሲስብ ፊቱ ላይ ምንም የለም። የምናደደው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ክረምት የኔታ ደክመዋል፣ ብርዱ አጥንታቸው ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ይበልጣል ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኩን ይዞ ቀሰቀሰኝ። ከቴሌግራም ያወረደው የሹራብ አሠራር ፎቶ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ከላይ አንድ ጢማም ፈረንጅ ሽማግሌ ፊቱ ክፍት የሆነ፣ ባለ ቁልፍ፣ ወፍራም ሹራብ ለብሶ ቆሟል። «የኔታን አይመስሉም?» አለኝ። ጢሙ ይመስላል። ሌላው አይመስልም። እሱ ግን ወስኗል፤ ይህን ሠርቶ፣ ይዞ ሄዶ፣ አልብሷቸው፣ ይፍቱኝ ሊል። ባዶ እጁን እንደማይሄድ ነገረኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሹራብ ሠርቶ አያውቅም። የሚያውቀው እጅ አይቶ መሥራት ነው። ቪዲዮ ቢኖር አይቶ ይሠራው ነበር፤ ግን ፎቶውን ካወረደ በኋላ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበርና በእጃችን ያለው ያ ፎቶ ብቻ ሆነ። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምነው። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁና አንባቢው እኔ ሆንኩ።

ማንበብ ከተባለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል አይደለም። አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር፣ ሌላ ፊደልና ሌላ ቁጥር፣ ከዚያ ኮከብ፣ ከዚያ ቅንፍ። መዝገበ ቃላት ይዤ ብገለብጥ የለም። እኔን ላብ ሲያጠምቀኝ ይበልጣል ደስ አለው። በዜማው መጽሐፍ በድጓው ላይም ከቃሉ በላይ ትንንሽ ፊደሎች ይጻፋሉ፤ ዜማው በየት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያሳዩ፣ ከመምህር አፍ የተማረ ብቻ የሚያነባቸው። «ፈረንጅም ምልክት አለው ለካ» አለ። ፊደሎቹን እየሞከረ፣ እየተረተረ፣ አንዱ ለስላሳውን ቀለበት አንዱ ሸካራውን እንደሚያዝ ደረሰበት። ኮከቡ ድገም ማለት መሆኑንም እሱ ነው ያወቀው።

ያሳሳተን ቅንፉ ነው። የቀለበቱ ብዛት በተጻፈበት ሁሉ ሦስት ቁጥር አለ። ዘጠና ይልና በቅንፍ ውስጥ መቶ፣ መቶ ዐሥር ይላል። የቱን እንያዝ? እኔ አላወቅሁም። ይበልጣል ጥቂት ተመላልሶ ቆመ። ዜማ ሦስት ነው አለኝ፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። መምህሩ ሦስቱን ከጻፈልህ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለህ እንጂ መርጠህ አትተውም። እኔም እውነት መሰለኝ። በዘጠና ጀመረ፣ ወደ መቶ ገባ፣ በመቶ ዐሥር አወጣው።

ጀርባው አልቆ ሲዘረጋ ጥሩምባ ሆነ። ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ። ጋሽ ደሴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ መጣና ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄ ለመምህርህ ነው ለበሬ?» አለ።

«ለበሬማ ቀንድ ማውጫ እንተውለት ነበር» አለ ይበልጣል። ተቀምጦ መተርተር ጀመረ። ከላይ እንያዘው።

ለብዙ ቀን የዚያ ቅንፍ ነገር እንቅልፍ ነሣው። መንገድ ላይ እየሄድን ድንገት ይቆማል። ወረቀቱን ከኪሱ ያወጣል፣ ያጥፋል፣ ይመልሳል። ከዚያ የገበያ ቀን አንድ ልብስ ቤት በር ላይ ደረስን። ነጋዴው አንድ ዓይነት ሹራብ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ አድርጎ በተርታ ሰቅሏል። ይበልጣል አጠገባቸው ቆመ። ሰው እየገፋው ያልፋል። እጄን ያዘኝና ሳቀ፤ ያ ሳቁ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«ወረቀቱ ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው» አለ። «እኛ ሦስቱን ባንድ ሹራብ አለበስናቸው።»

በመካከለኛው ቁጥር ጀርባውን እንደገና ሠራው። ቀኝ ፊቱንም ጨረሰ። ብብቱ ጋ ገባ ብሎ፣ አንገቱ ጋ ተጠማዝዞ፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው። ያን ሰሞን ነው ሆዱ ይነፋ የጀመረው። ጉበት ነው አሉን። ሆስፒታል ስንመላለስም መርፌዎቹን ይዞ ነበር የሚሄደው፤ በኋላ ግን መያዝ አቃተው። የንስሐ አባቱ መጥተው፣ አናዝዘው፣ ጸሎት አድርገውለት ሲወጡ እናቴ አጠገቡ ነበረች። አሁን ነፍስህ አረፈች አይደል አለችው።

«አባ ፈቱኝ» አለ። «የኔታ ግን አልፈቱኝም።»

ሹራቡን ጨርስልኝ አላለኝም። ይህን ማንም እንዲሳሳት አልፈልግም። እኔ ነኝ ልጨርሰው ያልኩ። እናቴ ክሩን ተርትሬ ለሚፈልግ ልስጠው፣ ዐይኔ ሥር አይሁን አለች። እንዳትነኪው አልኳት። አንተ መቼ ሹራብ ሠርተህ ታውቃለህ አለችኝ። እውነቷን ነው። ይበልጣል እያሳየኝ ጥቂት መስመር ከመሞካከር በቀር ሠርቼ አላውቅም። ግን የኔታ ደክመዋል። እሳቸውም ከሄዱ ያ ነገር እንደዚያው ይቀራል። ይህ ሐሳብ ነው የሚያስነሣኝ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ለጀርባው አንድ ገጽ ሙሉ ተጽፎለታል። ለቀኙም እንደዚያው። ግራው ጋ ስደርስ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ግራውን እንደ ቀኙ ሥራ፣ ቅርጹን ግን ገልብጥ። አለቀ።

ምኑን ነው የምገለብጠው? ወረቀቱን ገለበጥኩ። መስመሮቹን ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። ለስላሳ በሚለው ቦታ ሸካራ፣ ሸካራ በሚለው ለስላሳ ሠራሁ፤ የማይረባ ነገር ወጣ። ተረተርኩ። እንደ ቀኙ ሥራ ነው የሚለው፣ እንደ ቀኙ ልሥራ አልኩና ሠራሁት። ሳጋጥመው አንገቱ ወደ ብብቱ በኩል ዞሯል። ገልብጬ ሳጋጥመው ደግሞ አንገቱ ተስተካከለ፣ ሸካራው ፊት ወደ ውጭ ወጣ። ለጋሽ ደሴ ወስጄ አሳየሁት። ጋሽ ደሴ ይበልጣል ከሞተ ወዲህ መቀለድ ትቶ ነበር። አየው፣ አየኝ።

«የኔታህ ሁለት ቀኝ እጅ ነው እንዴ ያላቸው?»

ከዚያ ዐይኑ እንባ ሞላና መኪናውን መርገጥ ጀመረ። እኔም በረንዳው ላይ አልቆምኩም።

ተረተርኩት፣ ሠራሁት፣ ተረተርኩት። ክሩ ከመጎተት ብዛት ጸጉር አወጣ። ይበልጣል ቢሆን ፊቱ ላይ ምንም አይኖርም ነበር። እኔ መርፌውን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። እናቴ አንሥታ ቦታው አስቀመጠችው።

የሚካኤል ዕለት እናቴ ጎትታ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ማሕሌቱ አላለቀም ነበር። ካህናቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ያሸበሽባሉ። በዓል በሆነ ቁጥር ያየሁት ነገር ነው። ዐይኔ አንድ ዲያቆን ላይ ነበር፣ ቁመቱ ይበልጣልን ስለሚመስል። ሁሉም ባንድነት ወደ መቅደሱ አዘነበሉ። ያ ዲያቆን ወደ ቀኙ ነው ያዘነበለው። ከፊቱ የቆመው ሰው ግን ወደ ግራው። ሁለቱም የሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው። ቆየሁ፣ እንደገና እስኪያዘነብሉ ጠበቅሁ። ልክ ነው። አንዱ የሌላውን አይቶ፣ እሱ እንዳደረገው አድርጎ፣ ግን በተቃራኒው እጅ።

ወጣሁ። እናቴ ቅዳሴ ሳይገባ ወዴት ነው እያለች ከኋላዬ መጣች። ቤት ስንደርስ ይበልጣል የሠራውን ቀኝ ፊት ከፌስታሉ አውጥቼ ሰጠኋት።

«እማ፣ ቀኝ ደረትሽ ላይ ያዥው» አልኳት። «ከፊቴ ቁሚ።»

ከሞተ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ያዘችው። መጀመሪያ በጣቶቿ ጫፍ፣ ከዚያ በመዳፏ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እኔ ከፊቷ ቆሜ መርፌዎቹን ግራ ደረቴ ላይ አደረግሁ። እሷ የያዘችው የሹራቡ አንገት ወደ በሩ ይጠማዘዛል። የእኔም ወደ በሩ መጠማዘዝ አለበት። በቃ። እሱ መስመሩን ሲጀምር ቀለበት የቀነሰበትን እኔ መስመሩን ስጨርስ እቀንሳለሁ። እንዲህ ቀላል ነበር። እናቴ እጇ እስኪዝል ቆመችልኝ። ሲደክማት ትቀመጣለች፣ እኔም ከፊቷ እቀመጣለሁ፣ ይህን ያህል ከተቀመጥኩ ቆይቶ ነበር። ባጠገባችን ያለፈች ጎረቤት ምን እየሠራችሁ ነው ብላ በበሩ ብቅ አለች። እናቴ፣ «ልጆቼ ሹራብ እየሠሩ ነው» አለቻት። ጎረቤቲቱ ደንግጣ አየችኝ። ሄደች።

እጅጌዎቹ አላስቸገሩኝም፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ገጣጥሜ ለጋሽ ደሴ ቁልፍ እንዲተክልልኝ ወሰድኩለት። ተከለ፤ አሳምሮ ተከለ። ከዚያ መቀሱን አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ቀዳዳውን ልበሳ ነዋ።»

እጁን ይዤ ነው ያስጣልኩት። ጨርቅ ላይ ቁልፍ ማስገቢያው በመጨረሻ ይቀደዳል፤ ሹራብ ግን አንድ ቦታ ከተቆረጠ ይተረተራል፣ ቀዳዳው ሲሠራ አብሮ ነው የሚተወው። እኔ አልተውኩለትም። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ፣ ስለ ቁልፎቹ በሚለው ቦታ ተጽፎ ነበር፣ ዘልዬዋለሁ። ጋሽ ደሴ መቀሱን አስቀምጦ ብዙ አሰበ። ቁልፍ አለው፣ ቀዳዳ የለውም፣ ፈረንጁ ቢያየው ምን ይላል አለ። እንደገና ልተርትረው አሰብኩ። ግን የክረምቱ ዝናብ ጀምሯል፣ የኔታም አልተሻላቸውም። በማግስቱ በፌስታል ይዤው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የኔታ ጎጆው በር ላይ አጎዛ አንጥፈው ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። በዙሪያቸው ተማሪዎች የተማሩትን ዜማ እየደጋገሙ ይቀጽላሉ። ዐይናቸው ስለደከመ ማን መሆኔን ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘረጉና ፊቴን ዳሰሱት። መርዶው ደርሷቸዋል። ነፍሱን ይማር፣ እናትህ እንዴት ናት አሉ። ሹራቡን ሰጠኋቸው። እሱ ነው የሠራልዎ፣ ግራውና እጅጌው ብቻ የእኔ ነው አልኳቸው። ጋቢውን አውልቀው ለበሱት። እጅጌው ትንሽ ረዝሟል። ቁልፉን በጣታቸው አገኙ፣ ቀዳዳውን በሌላኛው እጃቸው ፈለጉ። ላይ ፈለጉ፣ ታች ፈለጉ።

«የቱ ጋ ነው የሚገባው?» አሉ።

የተፈጠረውን ነገርኳቸው። የጋሽ ደሴን መቀስም ጨምሬ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ተማሪዎቹ ቅጸላቸውን አቁመው አዩን። የኔታ ጋቢውን መልሰው በላዩ ደረቡ፤ ጋቢው ይይዘዋል አሉ።

ያን ጊዜ የመጣሁበትን ተናገርኩ። በመንገድ ላይ ሳጠናው ነበር፣ ግን ተቆራረጠብኝ። ወንድሜ እንደወጣ ቀርቷል፣ አልተሰናበተዎትም፣ ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ከልቡ አልወጣም፣ እኔ በእሱ ፈንታ ይፍቱልኝ ልል ነው የመጣሁት አልኩ። ተነሥቼ ነበር የምናገረው። የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ለሕክምና ልሂድ ብሎ አስፈቅዶኝ ነው የወጣ» አሉ። «እስኪሻልህ ሂድ አልኩት። አልተሻለውም። ፈቃዱ መቼ አለቀና ነው ይፍቱኝ የሚለኝ? ተማሪዬ እንደሆነ ነው የሞተ።»

መቋሚያቸውን በእጃቸው ፈለጉ። አንድ ተማሪ አቀበላቸው። ደግፌ አስነሣኋቸው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ተማሪዎቹም ተነሡ። ለሙታን ሲጸለይ የሚጠራው የክርስትና ስም ነውና፣ የኔታ የይበልጣልን ስም እንደሚጠይቁኝ አውቄ አፌ ላይ አዘጋጅቼው ነበር።

አልጠየቁኝም። ወልደ ገብርኤል ብለው ጀመሩ።